ሰዓት አክባሪው ሰይድ

«ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚሉት ጸሎት አለ። የሚጸልየው ሰው በልቡ የሚያስበው ሁልጊዜ ሌላውን ነው፤ ጎረቤቱን፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባውን፣ የአክስቱን ልጅ። «ያ የተለመነው ምቀኛ እኔ ነኝ» ብሎ እጁን ያወጣ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ሰው ሰከርኩ ይላል፣ ዋሸሁ ይላል፣ ሚስቴን እፈራለሁም ይላል፤ ቀናሁ የሚል የለም። እንግዲህ በእኔ ይጀመር። ምቀኛና ቀናተኛ ለየቅል ናቸው የሚሉ አሉ፤ ቀናተኛ የሌላው ዓይነት ለራሱም እንዲኖረው ይመኛል፣ ምቀኛ ግን ሌላው እንዲያጣ ብቻ ይፈልጋል ይላሉ። እኔ እንደ ቀኑ ሁለቱንም ሆኜ አውቃለሁ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ሪኮመንዴሽን ስለሚባለው ነገር ትንሽ ላውራችሁ። ከተመረቃችሁ ዓሥር ዓመት ያለፋችሁ ሰዎች ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን ትምህርት መቀጠል ያምራችኋል፤ ማመልከቻው ደግሞ «ከቀድሞ መምህርዎ የምስክርነት ደብዳቤ» ይላል። ያ መምህር ከእናንተ በኋላ ስንቱን አስተምሮ ስንቱን ረስቷል። እናንተም ለረሳችሁ ሰው ደውላችሁ፣ መቼም እንደማይረሳችሁ እንዲመሰክርላችሁ ትለምኑታላችሁ። ደግ ከሆነ «ራስህ ጽፈህ አምጣና ልፈርምልህ» ይላል። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ በእሱ አፍ «በማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ተማሪ አይቼ አላውቅም» እያላችሁ ትጽፋላችሁ። አገሩ ሁሉ ታይቶ በማይታወቅ ተማሪ የተሞላው እንዲህ ነው።

አሁን ሰይድን ላስተዋውቃችሁ። ሰይድ የግራና ልጅ ነው፣ እኔ የመርሳ። ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ኬሚስትሪ አብረን ተምረናል፤ ያውም ጎን ለጎን ተቀምጠን። እሱ አንደኛ ይወጣል፣ እኔ አንዴ ሦስተኛ አንዴ አምስተኛ። የእጅ ጽሑፉ የታተመ ይመስላል። እኔ ለወራት ሰላም ልላት ስለማመድ የኖርኩላት ልጅ ደብተሬን ተውሳ የመለሰችው በእሱ በኩል ነው። ዶክተር ታደለ የሚባሉ መምህራችን በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ «አንተ ከሰይድ ጎን ያለኸው» ነበር የሚሉኝ። የባሰውን ልንገራችሁ፤ ሰይድ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ደግ ሰው ላይ መቅናት ድካሙ ብዙ ነው።

ተመርቀን እሱ ግራና፣ እኔ መርሳ ማስተማር ጀመርን። ዓመታት አለፉ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

በጦርነትም ይቀናል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይቀናል። እኔ አንድ ፌስታል አንጠልጥዬ ደሴ ድረስ በእግሬ ስሄድ፣ ሰይድ አባቱ ሽማግሌ ስለነበሩ ግራና ቀረ። እኔ እግሬ አብጦ ተፈናቃይ በታጎረበት የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ስተኛ፣ ከወረዳችን ከሀብሩ በኩል የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እሱ ነበር። የትምህርት ቤቱን የተማሪዎች ሮስተር፣ የዓሥር ዓመቱን ውጤት እንዳለ፣ በማዳበሪያ ጠቅልሎ በአባቱ የማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮት ኖሯል። ታጣቂዎች ጉድጓዱን አንዴ ሳይሆን ሁለቴ ሊከፍቱበት መጥተው፣ ባዶ ነው ብሎ በሩ ላይ ቆሟል አሉ። የእኛ ትምህርት ቤት ሮስተር ግን የምድጃ ማቀጣጠያ ሆነ። ሁሉም ነገር ጋብ ብሎ ስንመለስ የግራና ልጆች ውጤታቸውን ይዘው ሲቀጥሉ፣ የእኛዎቹ ስንተኛ ክፍል እንደነበሩ እንኳ በሰው ምስክር ነው የተመዘገቡት። ሰው «ሰይድ እኮ» ሲል በሰማሁ ቁጥር ወሬውን ወደ ሌላ አዞር ነበር።

ታዲያ በዚያው ሰሞን፣ ጦርነቱ ይመለሳል አይመለስም እየተባለ ሰው ግማሽ ዕቃውን ሳይፈታ በሚኖርበት ጊዜ፣ ከወረዳችን አንድ የኬሚስትሪ መምህር ለማስተርስ ይላክ ተባለ። አንድ። የተማርንበት ዩኒቨርሲቲ ሰነድ ስለጠፋ ትራንስክሪፕት በማይገኝበት ጊዜ የቀድሞ መምህር ምስክርነት ይበቃል ተባለ። አልደብቃችሁም፣ ያቺን ቦታ የፈለግኳት ለዕውቀት ብቻ አልነበረም። መሄድ ፈልጌ ነበር። ዓሥራ አንድ ዓመት ያንኑ ጥቁር ሰሌዳ ሳይ ኖሬ፣ ደግሞ ሌላ ሩጫ ሲመጣ ፌስታል አንጠልጥዬ መሮጥ አልፈለግኩም። ለዚህች አንድ ቦታ የሚያመለክት ደግሞ በወረዳው ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ማን እንደሆነ አልነግራችሁም።

ዶክተር ታደለ ወልድያ የነበረው ቤታቸው ተዘርፎ፣ በጡረታቸው ሐራ ከተማ እህታቸው ዘንድ ተጠግተው ይኖራሉ ሲባል ሰማሁ። ማንም ሳይቀድመኝ ብዬ ጠዋት ተነሣሁ። ከመርሳ ወልድያ፣ በመሃል ሁለት ኬላ ላይ መታወቂያ እያሳየሁ፣ ከወልድያ ደግሞ በባጃጅ ሐራ ገባሁ። ግቢውን ከፍቼ ስገባ ሰይድ ከዶክተር አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጧል። ከእኔ ቀድሞ ያልደረሰበት ቀን የለም።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ደሜ» ብሎ ተነሥቶ አቀፈኝ። ደስ ብሎታል። ይህ ነው የሚያናድደው።

«ማን ነህ ልጄ?» አሉ ዶክተር፣ አንገታቸውን ወደ እኔ ሰበር አድርገው።

«ደምሌ ነኝ ዶክተር። ያኔ አስተምረውኛል።»

ትንሽ አሰቡ። «ከሰይድ ጎን የምትቀመጠው?»

አዎ አልኩ። ምን ልበል፣ እውነት ነው።

ጉዳያችንን ሰሙን። «የማርክ መዝገቤ ከቤቱ ጋር ሄዷል» አሉ። «መነጽሬም ስንሸሽ መንገድ ወድቆ ቀረ፤ ያለ እሱ ፊደልና ጉንዳን አልለይም። ራሳችሁ ጽፋችሁ አምጡ ብዬ ደግሞ በዕድሜዬ ፈርሜ አላውቅም። ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ ወይ ይዋሻል ወይ ያፍራል። ሰይድን አስታውሰዋለሁ፤ ይኸኛውን ልጅ ግን እምብዛም። ለአንዱ መስክሬ ሌላውን ብተወው ግፍ ነው። ስለዚህ አንዳችሁ ስለ አንዳችሁ ጻፉ። ለየብቻ ታነቡልኛላችሁ። ውሸት ከሌለበት እፈርማለሁ።»

«አብሽሩ ዶክተር፣ እኛ ወንድማማች ነን» አለ ሰይድ።

እህታቸው ከደብተር ሁለት ሁለት ወረቀት ቀድደው ሰጡን። እሱ ግራሩ ሥር ተቀመጠ፣ እኔ ከጓዳው በር ጎን። እስቲ ራሳችሁን በእኔ ቦታ አድርጋችሁ እዩት፤ አንድ ቦታ አለች፣ የተቀናቃኜ ዕድል በእኔ እስክሪብቶ ጫፍ ላይ ነው፣ የማነብላቸው ሰውዬ ደግሞ ማየት አይችሉም። መዋሸት እንኳ አላስፈለገኝም። ምስክርነት ጽፎ የሚያውቅ ሰው የሚያውቃት ምስጢር አለች፤ ሰውን ለመጣል ስድብ አያስፈልግም፣ በትንሹ ማመስገን ይበቃል። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ሰይድ ሰዓት አክባሪ ነው። የእጅ ጽሑፉ በደንብ ይነበባል። ከሰው ጋር ተግባቢ ነው። የተሰጠውን ሥራ ይሠራል።» ሐሰት ፈልጉበት፣ አታገኙም። የማሽላው ጉድጓድ እስክሪብቶዬ ጫፍ ድረስ መጥቶ ነበር። መለስኩት።

ጨርሼ ቀና ስል ሰይድ ገና ይጽፋል። ወረቀቱን ገለበጠ። ሁለተኛውን ሞላ። ከዚያ ተነሥቶ «እማማ፣ አንድ ወረቀት ይጨምሩልኝ» አላቸው። አራት ዓረፍተ ነገር ሰውን ከጣለ፣ ሦስት ወረቀትማ አፈር ያለብሳል ብዬ አሰብኩ። ጉዴን ሁሉ ያውቃል፤ የኮረጅኩባትን ፈተና እንኳ ያውቃል። እኔ የማደርገውን እሱም የሚያደርግ መሰለኝ። ምቀኛ ሌላ መመዘኛ የለውም።

እኔ ቀድሜ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩላቸው።

«ይኸው ነው?» አሉ ዶክተር።

«ይኸው ነው።»

«ለግድግዳ ሰዓት ቢሆን ጥሩ ደብዳቤ ነበር።» ፈገግ አላሉም። «ውሸት አለበት?»

«የለበትም ዶክተር።»

«እንግዲያስ ጣቴን ቦታው ላይ አድርግልኝ።»

ጣታቸውን ይዤ ከመጨረሻው መስመር ሥር አስቀመጥኩላቸው። ወዲያው አልፈረሙም። ሌላ ነገር እንድጨምር እየጠበቁኝ ነበር። እኔም የሚጠብቁኝ መሆኑን እያወቅኩ ዝም አልኩ። ፈረሙ።

የሰይድ ንባብ አላልቅ አለ። ከሩቅ አያቸዋለሁ፤ ዶክተር አንዴ ይነቀንቃሉ፣ አንዴ ወደ እኔ ይዞራሉ። አለቀልኝ አልኩ። ከዚያ እህታቸው ደብዳቤዎቹን አጥፈው በወረቀት ፖስታ ከተቱና በሊጥ ለጠፏቸው። ስለ እሱ የተጻፈውን ለእሱ፣ ስለ እኔ የተጻፈውን ለእኔ ሰጡን። ወልድያ አብረን ተመለስን። ሰይድ አክስቱን ሊጠይቅ እዚያው ቀረ፤ ሲሰናበተኝ ፖስታውን በኮቱ የውስጥ ኪስ አስገብቶ ከላይ መታ መታ አደረገው። «አማና ነው፣ እንዳለ ይደርሳል» አለኝ።

እኔ አማናውን መናኸሪያ እስክደርስ ነው የቻልኩት። የመርሳ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ፣ እስኪሞላ ስጠብቅ፣ ያልደረቀውን ሊጥ በጥፍሬ አላቀቅኩት።

«ደምሌ በሁለተኛው ዓመት የክፍል ጓደኛው በታይፎይድ አምስት ሳምንት ሲተኛ፣ የየዕለቱን ትምህርት በካርቦን ሁለት እያደረገ ጽፎ በየቀኑ ሐኪም ቤት ያደርስለት ነበር። በዚያ ዓመት ጓደኛው አንደኛ ወጣ፣ ደምሌ ሦስተኛ። ይህን ለማንም ሲናገር አልተሰማም።» ቀጥሎ ደሴ ተፈናቅዬ በተጠለልኩበት ክፍል ግድግዳ ላይ በከሰል ፔሪዮዲክ ቴብል ሥዬ የተፈናቃይ ልጆችን ማስተማሬን ጽፏል። አንዷ የግራና ተማሪው ነበረች፤ እሷ ነግራው ይሆናል። እንዲህ እንዲህ እያለ አምስት ገጽ። ስለ ኮረጅኩባት ፈተና አንድም ቃል የለም።

ሁሉም እውነት ነው። ግን ምክንያቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለሰይድ በካርቦን የጻፍኩለት ተኝቶ ባሸንፈው «ታምሜ ነው» እንዳይል ነው። ግድግዳው ላይ የሣልኩትም የማሽላው ጉድጓድ ወሬ ደሴ የደረሰ ዕለት ነው። ምን አለፋችሁ፣ በሕይወቴ የሠራሁትን ደግ ነገር ሁሉ የሠራሁት ሰይድን ልበልጥ ብዬ ነው።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ገና ሰባት ሰዓት ነበር። ወርጄ፣ ሰይድን ከአክስቱ ቤት ጠርቼ፣ ሐራ ተመልሼ ሌላ ደብዳቤ መጻፍ እችል ነበር። ሳፍር ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል። አልወረድኩም።

ቦታዋን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ወረዳው «እንዲህ ያለ ምስክርነት መጥቶልን አያውቅም» አለኝ። ሰይድ ደውሎ «ማሻአላህ፣ ይገባሃል» አለና ሳቀ። «እኔ ነኝ እኮ የጻፍኩት፣ እንዴት አታልፍ። የአንተስ ለእኔ ምን ይል ነበር?»

«እውነቱን» አልኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ጥቂት ቆይቶ ጦርነቱ ሲመለስና ሰው እንደገና ዕቃውን ሲሸክፍ፣ እኔ ከዚያ ሁሉ ርቄ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበርኩ። ሰይድ ሮስተሩን ለሁለተኛ ጊዜ እየቀበረ ነበር።

ዛሬ እኔ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። ዶክተር ታደለ ዐርፈዋል። በቀደም ከሰይድ መልእክት መጣልኝ፤ «ደሜ፣ በዚህ ዕድሜዬ ማስተርስ ላመለክት ነው። ዶክተር እንግዲህ የሉም። ያኔ የጻፍክልኝን ደብዳቤ ያንኑ ድገምልኝ። ቅጂ አልያዝኩም፣ ምን እንዳለም አላውቅ፤ ግን ከአንተ የበለጠ የሚያውቀኝ ሰው የለም። አፉ በለኝ፣ አስቸገርኩህ።»

ያንኑ ድገምልኝ አለኝ። አራቱንም ዓረፍተ ነገር በቃሌ አውቃቸዋለሁ።

ወረቀት አውጥቼ ከማሽላው ጉድጓድ ጀመርኩ። ሁለቴ ሊከፍቱት ሲመጡ በሩ ላይ መቆሙን ጻፍኩ። ሮስተሩን ለሁለተኛ ጊዜ መቅበሩን ጻፍኩ። ሰዓት አክባሪነቱንም አልተውኩትም፤ በየማለዳው ቀድሞ እየገባ፣ ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ ደብተሩን አስቀምጦ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ለሚያረፍድ ጓደኛው ቦታ ይይዝ እንደነበር ጻፍኩ። ስድስት ገጽ ሆነ። ፈርሜ፣ ማህተም አድርጌ፣ ከመለጠፌ በፊት አንዴ አነበብኩት።

ቀናሁ።