ይቺን ማን መረጣት?

በአገራችን አንድ መሥሪያ ቤት ያለ ማኅተም ሊውል ይችላል፤ ያለ ኃላፊም ሲውል አይተናል። ዘፈን ወደ ራሱ የሚወስድ ሰው ሳይኖርበት ግን አንድም ቀን አይውልም። ይህ ሰው በየቢሮው አለ። ልብስ ሰፊዎች ዘንድ አለ፣ ፀጉር ቤት አለ፣ ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጦ አለ። ሬዲዮው ስለ ከዳተኛ ሲዘፍን ቀና ይላል። ስለ ቀናተኛ ሲዘፍን ዙሪያውን ይቃኛል። ዘፋኙ በዓይኑ አይቶት የማያውቅ፣ ምናልባትም እሱ ሳይወለድ ዘፈኑን የቀዳ ሰው ቢሆን እንኳ "ይሄ ነገር ለእኔ ነው" ከማለት የሚያግደው የለም።

የእኛው አቶ መለሰ ናቸው።

እዚህ ጎንደር፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት በሚባል ክፍል አራት ሆነን እንሠራለን። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው እስከ ጣሪያው ማኅደር ነው፤ አንዲት መስኮት አለችን፣ እሷም በመደርደሪያ ተሸፍናለች። ክቡር አቶ መለሰ የቤቱ አንጋፋ ናቸው። የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ስለሆኑ ከወገራ የሚመጣ ባለጉዳይ ሁሉ "አያ መለሰ አሉ?" ብሎ ነው የሚገባው። ሥራቸው በየማኅደሩ ለሚገባው ወረቀት የገጽ ቁጥር መስጠት ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰጥተዋል። አላምረው ማኅደር ያመጣል፣ ይመልሳል፣ በመካከሉ ያሾፋል። አበቡ ኮምፒውተር ላይ ትጽፋለች። የእንፍራንዝ ልጅ ናት፤ ማራኪ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ከአራታችን በኮንትራት የምትሠራው እሷ ብቻ ናት። አራተኛዋ እኔ ነኝ፤ ገቢና ወጪ ደብዳቤ እመዘግባለሁ።

ዘፈኑ የሚከፈተው ከአበቡ ኮምፒውተር ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ኮሪደሩ ላይ እንኳ አይሰማም። አቶ መለሰ ግን ይሰማሉ። ዘፈን ሲጀምር እስክሪብቷቸው አየር ላይ ትቆማለች። የመጀመሪያውን ስንኝ ታግሠው ያሳልፉታል። ሁለተኛው ላይ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። ሦስተኛው ሳይደርስ ድምፃቸው ይመጣል፦

"ይቺን ማን መረጣት?"

ማንም አልመረጣትም። ኮምፒውተሩ ነው በተራ የሚያጫውተው። አበቡ ይህን ስንቴ አስረድታቸዋለች። እሳቸው ግን ኮምፒውተር ያለ አዛዥ አይሠራም ባይ ናቸው።

ለእውነት ከሆነ የአገራችን ዘፈን ሰውየውን አልማራቸውም። አቶ መለሰ አጭር ናቸው፤ ዘፈኑ ሁሉ ስለ ሎጋ ነው። ፀጉራቸው አልቋል፤ ዘፈኑ ስለ ዞማ ፀጉር ነው። ባለፈው ሚያዝያ የፊት ጥርሳቸውን አስነቅለው፣ ከንፈራቸው አብጦ በገቡበት ማለዳ ምን ዓይነት ዘፈን እንደመጣ እናንተው ገምቱት። ጥርስ የማያነሳ የአማርኛ ዘፈን ማግኘት ከመዝገብ ቤታችን የጠፋ ማኅደር ከማግኘት ይከብዳል። ያን ቀን አፋቸውን በመሐረብ ሸፍነው ጠየቁ፤ ጥያቄያቸው ግማሹ በጥርሱ ክፍተት አልፎ ፉጨት ሆኖ ወጣ። አላምረው ማኅደር የሚፈልግ መስሎ ከመደርደሪያ ኋላ ገባ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም አየነው፤ እሳቸውም አዩት።

ሌላ ቀን ሃያ ደቂቃ አርፍደው ሲገቡ አንዲት ዘፋኝ ቀጠሮ ስላፈረሰባት ወዳጇ ታለቅሳለች። አቶ መለሰ ፈርመው ሲያበቁ ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆመው ሰሙ። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረው "ታክሲ አጥቼ ነው" አሉት።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። የከፋው የማስታወሻ ደብተራቸው ናት። ከእያንዳንዱ አጠያያቂ ዘፈን በኋላ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የእጅ መዳፍ የምታህል ደብተር ያወጣሉ፣ አንድ ነገር ይጽፋሉ፣ ይመልሷታል። አላምረው ይህን ሲያይ ፍርዱን ሰጠ፤ ሰውየው ጆሮ ጠቢ ናቸው፣ እኛ ስለ ኃላፊያችን ስለ ወይዘሮ ሸዋረጋ የምናወራውን ሁሉ እየጻፉ ይወስዳሉ አለ። እኔም አመንኩ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ሲገቡ ጨዋታ እናቋርጣለን፤ ጨዋታ ስናቋርጥ እሳቸው ይጽፋሉ፤ ሲጽፉ እኛ እንጠረጥራለን። ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን ነው፤ በጠባብ ክፍል ይጋባል። አንድ ቀን የአላምረው ስልክ ሲጮኽ የጥሪው ዘፈን እኔን የነካ መስሎኝ ከሰዓቱን ሙሉ አኮረፍኩት። ምን እንዳደረገኝ እስካሁን አያውቅም።

የደብተሯ ምሥጢር የወጣው ጥቅምት ላይ ነው። ወይዘሮ ሸዋረጋ አራታችንንም ቢሯቸው ጠርተው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ አንድ ደብዳቤ አነበቡልን። "ጉዳዩ፦ በዘፈን አማካኝነት ስለሚደርስብኝ አሽሙር" ይላል። በሥሩ ሰባት ዘፈኖች ከነቀናቸውና ከነሰዓታቸው ተዘርዝረዋል። ስለ ጥርስ፣ ሚያዝያ አሥራ አራት፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ። ስለ ቁመት፣ ግንቦት ሦስት፣ ሁለት ጊዜ። ደብተሯ ውስጥ የነበረው ይኸው ነው፤ ስለ እኛ ወሬ አንድ ቃል አልተጻፈም። አቤቱታው ማንንም በስም አይከስስም፤ "የወይዘሪት አበቡ መጠቀሚያ ከሆነው ኮምፒውተር" ይላል እንጂ።

አላምረው ሳቁን ዋጠ። አበቡ መሬት መሬት አየች። እኔ ግን አምስተኛው ተራ ላይ ሲደርሱ ጆሮዬ ጋለ።

ልናዘዝ። አምስተኛዋን ዘፈን ያስከፈትኳት እኔ ነኝ። ነሐሴ ውስጥ አቶ መለሰ አንድ መዝገቤን፣ ቁጥር ዘለሻል ብለው፣ በባለጉዳይ ፊት ሦስት ጊዜ መልሰውብኝ ነበር። ተቃጠልኩ። አበቡን ምንም ሳልነግራት፣ ከእኔ በላይ ዐዋቂ የለም በሚል ሰው ላይ የሚሳለቀውን አንድ የቆየ ዘፈን እንድትከፍት ለመንኳት፤ ልጅቱ በየዋህነት ከፈተች። እና ያን ቀን ወይዘሮ ሸዋረጋ ፊት ቆሜ ይህን መናገር ስችል ዝም አልኩ። ሁሉም ነገር በሳቅ የሚያልፍ መስሎኝ ነበር።

ወይዘሮ ሸዋረጋም ከእንግዲህ ቃል የሌለው ሙዚቃ ብቻ እንዲከፈት ወሰኑና ደብዳቤውን መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

አበቡ ዋሽንት ከፈተች። አቶ መለሰ ሁለት ቀን ታገሡ። በሦስተኛው ቀን ቃሉን ለምን አወጡት ብለው ጠየቁ፤ ለጆሮ የሚከብድ ነገር ባይኖርበት ኖሮ ባላወጡት ነበር። ማሲንቆም ተሞከረ፤ ማሲንቆ እንዲያውም ያለ ቃል መሳደብ የሚችል ብቸኛ መሣሪያ መሆኑን አስረዱን። የነቢያት ጾም ሲገባ አበቡ መዝሙር ከፈተች። መዝሙሩ ስለ ንስሐ ነበር። ያን ቀን ማን ንስሐ እንዲገባ እንደተፈለገ ሲያጣሩ ዋሉ። በመጨረሻ አበቡ ሁሉንም ዘጋችው፣ ክፍሉም ጭጭ አለ። አቶ መለሰ ጥቂት ገጽ ቆጠሩና ቀና አሉ።

"ምነው ዝም አላችሁ? ምን ተባብላችሁ ነው?"

ገና አለፈ። ትእዛዙን ሁሉም ረሳው፣ ቃል ያለው ዘፈንም ቀስ ብሎ ተመለሰ። ለጥምቀት ሳምንት ሲቀረው ግን አበቡ አንድ ዘፈን ብቻ ትደጋግም ጀመር። ተሰናብቶ ስለሚሄድ ሰው፣ ስለ መንገድ የሚያወራ ነው። በቀን ሦስቴ አራቴ ትከፍተዋለች። እኔና አላምረው ወዳው ነው ብለን አለፍነው። የገረመን አቶ መለሰ ናቸው፤ ምንም አልጠየቁም። እስክሪብቷቸውን አቁመው እስከ መጨረሻው ይሰማሉ፣ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። አላምረው አዲስ አቤቱታ እየተረቀቀ ነው ብሎ ማለ።

በአራተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ ጠሩኝና ወደ አጥሩ ወሰዱኝ።

"ፅዮን፣ ይቺ ዘፈን የእኔ አይደለችም" አሉኝ።

ልስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። ስንኝ በስንኝ በራሳቸው ላይ ለክተዋታል፤ አልገጠመቻቸውም። በእኔም ለክተዋታል፤ እኔ የትም የምሄድ ሰው አይደለሁም፣ መሄጃም የለኝም። ይህን ያሉት ሊያስከፉኝ አልነበረም። አላምረው ደግሞ እንኳን አገር ሊለቅ ማኅደር ለመመለስም አይነሳም። የቀረችው አንዲት ሰው ናት።

"ልጅቱ ልትሄድ ነው። አላስተዋልሽም? መጨረሻዋ ስንኝ ላይ ስትደርስ ታጠፋታለች። የሰለቸው ሰው ገና ሲጀምር ነው የሚያጠፋው። መጨረሻዋን የሚያጠፋ የፈራ ነው።"

ከአበቡ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጬ ሦስት ቀን ሙሉ ድምፅ ብቻ ነበር የሰማሁት። አፈርኩ። እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም። ጥርጣሬያቸውን ይዘው ሳለ፣ በዚያው ጧት የአበቡ የግል ማኅደር ገጽ እንዲቆጠርለት መጥቶላቸዋል። ገጽ አሥራ አንድ ላይ የገዛ እጅ ጽሑፋቸውን አገኙ። ያ የዘፈን አቤቱታ ከመሳቢያ ወጥቶ እዚያ ገብቷል። ገጽ አሥራ ሁለት የአበቡ የሥራ መልቀቂያ ነው፤ ሁለት መስመር ብቻ። ኮንትራቷ የሚያልቀው በጥር መጨረሻ ነው። አቤቱታው ማኅደሯ ውስጥ መግባቱን ሳትሰማ አልቀረችም፤ በዚህ ላይ ማን ያድስልኛል ብላ፣ አትመለሺ ከመባሏ በፊት ራሷ ለመሄድ ወስናለች።

"በቀይ እስክሪብቶ አሥራ አንድ ብዬ ጻፍኩበት" አሉኝ፣ ጣታቸውን እያዩ። "በገዛ እጄ።"

ከሰዓት በኋላ አበቡን ለብቻዋ አነጋገሯት። እሷ እንደ ደንቡ፣ በእርስዎ ምክንያት አይደለም ጋሼ፣ እናቴ እንፍራንዝ ብቻዋን ሆና ነው አለቻቸው። ዕድሜ ልካቸውን የተነገራቸውን አምነው የማያውቁ ሰው ይህንንም አላመኑም። እግዜር ይስጣቸው።

ሌላ ደብዳቤ ጻፉ። ገቢ ደብዳቤ የምመዘግበው እኔ ስለሆንኩ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። "ጉዳዩ፦ ያቀረብኩት አቤቱታ ስህተት ስለመሆኑ" ይላል። ቀጥሎም "በዝርዝር ያመለከትኳቸው ዘፈኖች ሁሉ እኔን የሚመለከቱ እንዳልነበሩ ተረድቻለሁ" ይላል። ፊርማ አልነበረበትም። ጠረጴዛዬ ላይ ሊፈርሙ ጎንበስ ብለው እጃቸው ቆመ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአገሩ ዘፋኝ ሁሉ ሲያስባቸው የኖረ ሰው ናቸው። አሁን ማንም አያውቀኝም ብለው ሊፈርሙ ነው። ሲቆሙ ከወትሮው ያጠሩ መሰሉኝ።

አላስቻለኝም።

"ጋሽ መለሰ፣ አንዷ ለእርስዎ ነበረች። አምስተኛዋ። እኔ ነኝ ያስከፈትኳት።"

ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣውን ጠበቅኩ። መጀመሪያ የጠየቁኝ አበቡ ታውቅ እንደነበረ ነው። አታውቅም አልኩ። ምክንያቴን ጠየቁኝ፤ መዝገቡን በሰው ፊት እንደመለሱብኝ ነገርኳቸው። ቁጥር መዝለሌ እውነት እንደነበረ አስታወሱኝ፤ እሱን አልካድኩም። ከዚያ፣ ቃሌን እሰጣለሁ፣ ፊታቸው በራ። ወገባቸው ቀና አለ።

"ሁለተኛው ስንኝ ላይ ነው የገባኝ" አሉ፤ ጥርሳቸው የወለቀበት ቦታ እስኪታይ ፈገግ ብለው።

ደብዳቤውን ሳቡና "ሁሉ" የምትለዋን ሰረዟት። በላይዋ "ከአንዷ በስተቀር" ብለው ጻፉ፣ ከስርዙም አጠገብ ፈረሙ፣ ከታችም ፈረሙ።

ወይዘሮ ሸዋረጋ እኔንና እሳቸውን ያስጠሩን በማግስቱ ነው። ደብዳቤውን ገለባበጡት። የአበቡን መልቀቂያ እንደሚመልሱላት፣ አቤቱታውም ከማኅደሯ እንደሚወጣ ተናገሩ። ኮንትራቷን ለማደስም የሚከለክል ነገር እንደሌለ አረጋገጡልን፤ በወሩ መጨረሻም በእርግጥ ታደሰላት። አንድ ነገር ግን አልገባቸውም። ከአንዷ በስተቀር ማለት ምን ማለት ነው? ያቺን ዘፈን ሆን ብሎ የከፈተ ሰው ካለ ተግሣጽ ይጻፍበታል፤ ማን ነው?

አፌን ከፈትኩ። አቶ መለሰ ቀደሙኝ።

"ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ እሷ የተላከችው ለእኔ ነው። ደርሳኛለች። መዝገብ አያስፈልጋትም።"

ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ከሠራ ሰው አፍ ይህ ሲወጣ ወይዘሮ ሸዋረጋም የተግሣጹን ነገር ትተው ደብዳቤውን አጠፉ። እኔ ደግሞ እነዚያን ሁሉ ወራት ጆሮ ጠቢ እያልኩ የሸሸኋቸውን ሰው በጎን አየኋቸው። ፊታቸውን አልመለሱም።

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ላመሰግናቸው ተከተልኳቸው። እሳቸው ሁለት እርምጃ ቀድመውኝ ሄዱና ቆም አሉ፤ ማንም እንደማይሰማን ግራ ቀኝ አዩ።

"ዘፈኗ ሸጋ ናት" አሉኝ። "ለሌላ ሰው ብትሆን ኖሮ እወዳት ነበር።"