ድህነትን ማስመስከር

በእኛ አገር ድሃ መሆን አያስቸግርም፤ አስቸጋሪው ማስመስከሩ ነው። ሀብታም ሀብቱን ከግብር ሰብሳቢ ይደብቃል፤ ይህ የታወቀ ነው። ድሃ ደግሞ ድህነቱን ከጎረቤት ይደብቃል። እናንተም ደሴ ውስጥ ያገኛችሁትን ሰው አስቁማችሁ «ኑሮ እንዴት ነው?» ብትሉት፣ ባዶ ሆዱን ይዞ «አልሐምዱ ሊላህ» ይላችኋል። ክርስቲያኑም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋል። ደግ ጠባይ ነው። ነፃ ጠበቃ ግን አያስገኝም።

ጎረቤቴ እማማ ዘይነባ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። የባላቸው ወንድም ከኮምቦልቻ መጥቶ «ቤቱ የእኔ ነው» ሲል ከሰሳቸው። ጠበቃ ካላገኙ ከዚያች ባለ ሁለት ክፍል ቤታቸው መውጣታቸው ነው። ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ቢሮ እንዳለ ሰማሁና ይዣቸው ሄድኩ። እሳቸውም መንግሥት ቤት እንዴት ተዝረክርኬ እገባለሁ ብለው፣ ለዒድ ብቻ የሚወጣውን ቀሚሳቸውን ለብሰው ብቅ አሉ። እኔ ገና ቀሚሱን ሳይ ደከመኝ።

ባለሙያዋ ወጣት ናት፣ ትሑት። «እማማ፣ ገቢዎ ምንድን ነው?» አለቻቸው።

«አልሐምዱ ሊላህ ልጄ፣ ምን ጎደለብኝ?»

«የሚረዳዎት ሰውስ አለ?»

«አላህ አለልኝ። ጎረቤቱስ የት ሄዶ?»

አሳልኩ። እማማ ዘይነባ ዘወር አሉና «ጉንፋን ያዘህ እንዴ? ቤት ስንገባ ዝንጅብል አፈላልሃለሁ» አሉኝ። ባለሙያዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ከዚያም አቅም እንደሌላቸው ከቀበሌ አስመስክረን እንድንመለስ ነግራ ሸኘችን።

ቀበሌ ምስክር ይጠይቃል። እኔና ሌላው ጎረቤታችን ሼህ ሰይድ ቀረብን። ሼህ ሰይድ የሰው ገመና በአደባባይ አያወጡም፤ ስለዚህ ቀድመው ተነሱና «ወላሂ፣ የዘይነባ ደጅ ለእንግዳ ተዘግቶ አያውቅም! የእጇ በረካ ለሰፈሩ ይተርፋል!» ብለው መሰከሩ። እማማ ዘይነባ በሐፍረትም በደስታም አቀረቀሩ። ሊቀመንበሩ ግራ ገብቶት «ታዲያ ችግረኛዋ የትኛዋ ናት?» አለ።

ተራው የእኔ ሆነ። ምን ላድርግ? ቤቱ መሄዱ ነው።

«ከቤታቸው ጭስ የሚወጣው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው» አልኩ። «ሰኞና ሐሙስ የሱና ጾም ነው ይሉናል። ማክሰኞ ምሳ ስንጠራቸውም ጾመኛ ነኝ ይላሉ፤ ረቡዕም እንደዚያው። ዝናብ ሲጥል ፍራሻቸውን ጥግ ለጥግ ሲጎትቱ ያነጋሉ። ወርቃቸው ባላቸው ቦሩ ሜዳ ሲታከሙ ተሸጦ አልቋል።» አንዴ ከጀመርኩ ወዲያ ማቆም አቃተኝ። ሊቀመንበሩም አላስቆመኝም፤ አዳምጦ ሲጨርስ ማህተሙን መታልን።

ስንወጣ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። እማማ ዘይነባ ግን ሻርፓቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ይራመዳሉ። ፒያሳ ስንደርስ ቆሙ።

«ልጄ፣» አሉኝ ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ «ይህን ሁሉ ስታውቅ ነው የኖርከው?»

አዎ፣ አውቅ ነበር። ሰፈሩም ያውቃል። ምሳ እንጠራቸዋለን፣ ጾመኛ ነኝ ይላሉ፣ እኛም አላህ ይቀበልዎት ብለን እንበላለን።

«አብሽሩ እማማ፣ ቤቱን ማንም አይወስድብዎትም» አልኳቸው። የጠየቁኝ ግን ስለ ቤቱ አልነበረም።