የበኩሩ ዘመቻ በማነቆው ላይ

በዘመነ በኩር፣ ሜሞሪው በእጥፍ በተጨመረ በሁለተኛው ዓመት፣ አዲሱ ግራፊክስ ካርድ በነገሠ በአምስተኛው ወር፣ ሥዩመ ኪቦርድ፣ በቀላሉ ደረጃ መዋዔ ፀር፣ በኢንሹራንስ ቢሮ የካሳ ክፍል ባለሙያ የሆነው የእናቱ በኩር ከሥራ ተመልሶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ በዙፋኑ ተቀመጠ፤ ዙፋኑም ግራ መደገፊያው የተሰበረ ባለ ጎማ ወንበር ነበር።

ወእምዝ ጨዋታውን ከፈተ፤ ጨዋታውም ለጥቂት ጊዜ እንደ ወራጅ ውሃ ከሄደ በኋላ ዳገት እንደያዘ አሮጌ አውቶቡስ ይንተፋተፍ ጀመር፤ በኩሩ ጠላት በበር ሲገባ የሚያየው ከገባ በኋላ ሆነ፤ የሚተኩሰውም ከሞተ በኋላ። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ሳምንታት አልፈው ነበርና፣ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ የሚዘምተውና «ፈጣኑ» የሚባለው የሥራ ባልደረባው እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ወንድሜ፣ አንተ ትናንት መተኮስ የነበረብህን ዛሬ እየተኮስክ እኛ እያለቅንልህ ነው። ለቅዳሜው ውድድር ወይ ማሽንህን አስተካክል፣ ወይ ቡድኑን ልቀቅና ብቻህን ካርታ ተጫወት።»

በኩሩም ተቆጣ፤ ተቆጥቶም አልቀረ፣ የኮምፒውተሩን ጓዳ ጎድጓዳ የሚለካ ፕሮግራም አወረደ። የስክሪኑ ጥግ በአረንጓዴና በቀይ ቁጥር ተሞላ፤ ከዚያም ወዲህ በኩሩ ጠላትን ማየት ትቶ ቁጥር ያይ ጀመር፤ ስለዚህም ከቀድሞው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ሞተ። በዚህ ዘመቻ የተከተሉት እነዚህ ናቸው፦ ፈተና የደረሰባትና ቁጥር ጮክ ብላ እንድታነብ የተሾመችው ታናሽ እህቱ፤ ምክሩ የማይነጥፈው ፈጣኑ፤ በኪሮሽ ሥራ ስማቸው የተጠራውና ማንም ሳይጠራቸው የዘመቱት የአባቱ እህት እትዬ።

ታናሽቱም አነበበች። ግራፊክስ ካርዱ በግማሽ ጉልበቱ ተቀምጦ ሥራ ይጠብቃል፤ ሜሞሪው ተርፎታል፤ ፕሮሰሰሩ ግን ያለ የሌለ አቅሙን አውጥቶ፣ ሙቀቱ ዘጠና ሰባት ዲግሪ ደርሶ፣ ፍጥነቱን ጥሎ ያለከልካል። በኩሩ «አቅሙን አውጥቶ» ከሚለው በኋላ ያለውን አልሰማም፤ ፍርድ የሚሰጥ ሰው ሁሉንም ይሰማ ዘንድ አልተጻፈምና። ተነሥቶም አወጀ፦ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው ንገር። ማነቆው ፕሮሰሰሩ ነው። አርጅቷል። ቅዳሜ ጠዋት ተነቅሎ ይጣላል፤ በቦታው አዲስ ይገባል።»

ያ ፕሮሰሰር አባቱ በሕይወት በነበረበት የመጨረሻው ክረምት፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ትንፋሹን ውጦ በገዛ እጁ ያስቀመጠው ነው። ካርዱ ተቀይሯል፣ ሜሞሪው ተቀይሯል፣ ዲስኩ ተቀይሯል፤ አባትየው እንዳኖረው የቀረ እሱ ብቻ ነው። የቤቱ እመቤት፣ እናቱ፣ አዋጁን ሰማች፤ ሳህን ማጠቧንም ቀጠለች። ዜና መዋዕል ስለ ሳህን ብዙ አይጽፍም።

እትዬ ግን ከአዋጁ ሁሉ «ማነቆው» የሚለው ብቻ በጆሯቸው ገባ፤ እሱም «ማን አነቀው» ሆኖ ገባ። በሩ ላይ ቆመውም እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «በወንድሜ ቤት ማንም ምንም አላነቀም፤ ስማችንን አታጥፉ። ታንቆስ ከሆነ፣ የታነቀ አንገቱን ይፈቱለታል እንጂ ጭንቅላቱን ነቅለው ሌላ ይገጥሙለታል እንዴ? የታሰረው የቱ ጋ ነው? አሳዩኝ።»

ታናሽቱ ሳቋን ለመደበቅ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለች፤ ጎንበስ ባለችበትም ሳቋ ቀረ። ኮምፒውተሩ ለብሶ ነበር። የወንድማቸውን የእጅ ሥራ አቧራ እንዳይነካው ብለው፣ እትዬ ከወፍራም ሱፍ ባለ አበባ ልብስ ሠርተው፣ ከአናቱ እስከ እግሩ አልብሰው፣ ለማብሪያው ቁልፍ ብቻ ቀዳዳ ትተው፣ ከኋላ በአየር ማስወጫው ላይ በጥብጣብ ሁለቴ ቋጥረውለት ነበር። ያለበሱት መንተፋተፉ በጀመረበት ሳምንት ነው። ቤተሰቡ በጊዜው አመስግኖ ረስቶታል፤ በኩሩም ስክሪኑን እንጂ ሣጥኑን አይቶት አያውቅም።

ታናሽቱ ቋጠሮውን ፈታች፤ ከውስጡም እንደ ምድጃ አፍ ትኩስ አየር ወጣ። እትዬም ልብሱን ተቀብለው በደረታቸው ላይ አጥፈው ያዙት። ያን ጊዜ የቤቱ እመቤት እጇን በፎጣ እያደረቀች መጥታ አዋጅ ተናገረች፤ በዚህ ዜና መዋዕል ያወጀችው ይህን ብቻ ነው፦ «እትዬ፣ ይሄ ለፕሪንተሩ ይሁንልን። እሱ ሥራ ስለማይወድ አይሞቀውም።»

ሙቀቱም ወደ ስድሳ ቤት ወረደ፤ ግራፊክስ ካርዱ ከተቀመጠበት ተነሣ፤ ምስሉም እንደ ዘይት ፈሰሰ። በኩሩም መደገፊያው በተሰበረው ወንበር ላይ ዞሮ፣ «ሳይለኩ አይፈርዱም ብያችሁ ነበር። ማነቆውን ደርሼበታለሁ። ፕሮሰሰሩ ጤነኛ ነው፤ ምሬዋለሁ፤ ከቦታው ማንም እንዳይነካው» ሲል አወጀ፤ ፈጣኑም በጆሮ ማዳመጫው እልል አለ።

እንግዲህ ክብርና ሞገስ ለበኩሩ ይሁን፤ በሱፍ የተሰወረውን በቁጥር ለፈለገው፣ እህቱ የፈታችውን ቋጠሮ በአዋጅ ለፈታው፣ በምሕረቱም የአባቱን ሥራ በቦታው ላጸናው፤ ቅዳሜም በሁለተኛው ዙር፣ ማሽኑ ሳይንተፋተፍ፣ ምስሉ ጥርት እንዳለ፣ የሚያሳብብበት አጥቶ በራሱ ጥፋት ለሞተው።