ባለኮከብ የተጫሙ ሽማግሌዎች

ስሙ የገነነ ነገር ሁሉ መጠርጠር አለበት። ሰውም ቢሆን፣ ጫማም ቢሆን። እስቲ ያንን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ኮከብ ያለበትን ሸራ ጫማ ተመልከቱ፤ የልጅ ልጆቻችሁ እግር ላይ አታጡትም። ታሪኩን አንብቤዋለሁ። ፋብሪካው መጀመሪያ የሚሠራው የዝናብና የበረዶ ጎማ ጫማ ነበር፤ በጋ መጥቶ ገበያ ሲቀዘቅዝበት ወደ ሸራ ዞረ። ከዚያ አንድ አንደበተ ርቱዕ ሻጭ ተቀጠረና ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ ወጣቶቹን ኳስ እያለማመደ ቸበቸበው። በመጨረሻ ፊርማው ኮከቡ ላይ ታተመ። ልብ በሉ፤ የሰፋው ሰው ስም አይደለም፣ የሸጠው ነው። የሰፋውን እግዜር ይወቀው። እኔ ይህን ካነበብኩ ወዲህ ጫማ ነጋዴ አላምንም።

ታዲያ ዘንድሮ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ብቸና ብገባ፣ የእህቴን የጥሩወርቅን ልጅ ማስተዋልን ለጋብቻ የጠየቃት ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የሞጣ ጫማ ነጋዴ! ደረጀ ይባላል። እህቴ እሺም እምቢም ሳትል፣ "ታላቄ ትምጣና ትወስን" እያለች ሽማግሌዎቹን ስትመልስ ከርማለች። የልጅቷ ዕድል እኔ እጅ ላይ ወደቀ። እሷም ከመጣሁ ጀምሮ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

እሑድ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከሞጣ መጡ። ጋቢያቸው ነጭ፣ ከዘራቸው የተወለወለ፣ እግራቸው ላይ ግን ባለኮከብ ሸራ ጫማ። ሦስቱም! ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥምና ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ለእኔ ተመቸኝ፤ የቆመ ሰው ጫማው በደንብ ይታያል። መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ አልኩ። ኮከቡ ስድስት ጫፍ አለው። የእውነተኛው አምስት ነው።

"መሪጌታ፣ ይህን ጫማ ማን ሰጠዎት?" አልኳቸው ነገሩን የያዙትን ሽማግሌ።

"ልጃችን ደረጀ ነዋ። ለዛሬ ብሎ።"

"ፎርጂድ ነው።"

እህቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። መሪጌታ ግን ሳቁ። "እናውቃለን እንጂ፣ እሜቴ። ሱቁ በር ላይ 'ፎርጂድ ነው' ብሎ ጽፎ አይደል የሚሸጠው?"

"እና ማን ይገዛዋል?"

"ሞጣ በሙሉ! ጎረቤቱ ያንኑ ጫማ 'ኦርጅናል ነው' እያለ ዝንብ ያባርራል።"

ጥግ ላይ የቆሙት አዛውንት አቃሰቱ። "እሜቴ፣ እሺም በሉን እምቢም በሉን፣ ብቻ በቶሎ! ጠቦኛል። እንደሚጠበኝም ነግሮኝ ነበር።"

እጅ አልሰጠሁም። ፊቴን ማስተዋል ወደተከለለችበት መጋረጃ አዙሬ ጠራኋት። "አንቺስ? ምን ብሎ ነው ያታለለሽ?"

"'ስተኛ አንኮራፋለሁ፣ እናቴም አስቸጋሪ ናት' አለኝ፣ አክስቴ።"

"እውነቱን ነው" አሉ መሪጌታ። "እናቱ እህቴ ናት።"

ከዚህ በላይ ምን ልመርምር? በንባብ ያጠራቀምኩት ጥርጣሬ ሁሉ ለዋሾ የተዘጋጀ ነበር። "ተቀመጡ" አልኩ። እህቴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ አዛውንቱ ገና ሳይቀመጡ ጫማቸውን አወለቁ።

ሁሉም ሲመራረቅ እኔን ግን ልጅቷ አሳዘነችኝ። ባልን አድፍጦ እጅ ከፍንጅ መያዝ እንዴት ያለ ደስታ እንዳለው የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጉድለቱን ሁሉ ቀድሞ የዘረገፈ ሰው ቤት ውስጥ፣ ይቺ ልጅ ምን እየጠረጠረች ታረጃለች?