የቤዛ ኳስና የእኔ ሰላምታ

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ስፖርት ሳይወዱ መኖር ይቻላል፤ ሰኞ ጠዋት ሥራ መግባት ግን አይቻልም። የከተማው ቡድን እሑድ ከተሸነፈ (ደግሞ መሸነፍ ይወዳል) አሌክሳንድሪያ የምሠራበት ሆቴል በማግስቱ ለቅሶ ቤት ነው። አለቃዬ ማልያውን እንደለበሰ አንገቱን ደፍቶ ይገባል። እኔም ወግ ነውና ፊቴን አጨፍግጌ አጠገቡ ትንሽ ቆሜ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ስለ ጨዋታው የማውቀው ነገር የለም። ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው ስፖርት ያዋርደዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል? እኔም አልጠረጠርኩም፤ ልጄ ቤዛ የካውንቲው የልጆች ቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ እስክትገባ ድረስ።

ቤዛ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከቡድኑ አጭሯ እሷ ናት፤ ቁመቱን ከማን እንደወረሰች አልናገርም። ጨዋታው ሁልጊዜ ቅዳሜ ነው፤ የእኔም ፈረቃ ሁልጊዜ ቅዳሜ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልን፣ እኔ አንድም ቀን ሳላያት፣ እሷም አንድም ኳስ ሳታገባ የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። ሐሙስ ዕለት እራት ላይ ሳህኗን ገፋ አድርጋ «ዳድ፣ ጀስት ዋንስ» አለችኝ፤ አንዴ ብቻ መጥተህ እየኝ ማለቷ ነው። እኔ በአማርኛ አናግራታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ ቤታችን ሁለት መንግሥት ነው። ፈረቃዬን ከአንድ ደግ ሰው ጋር ተለዋወጥኩና ዓይኔን ከአንቺ ላይ አልነቅልም ብዬ ማልኩላት።

ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ፣ ከእንጨት በተሠራው የተመልካች ደረጃ ላይ ከወላጆች ጋር ተደረደርኩ። እዚያ ማንም በስሙ አይጠራም፤ ሁሉም የእገሌ አባት፣ የእገሊት እናት ነው። ከኋላዬ የማዲሰን አባት ተቀምጧል። ካሜራውን ሦስት እግር ባለው ማቆሚያ ላይ ተክሎ የቡድኑን ጨዋታ ሁሉ የሚቀርጽ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ቤዛ ሦስቱን ክፍለ ጊዜ ተጠባባቂ ወንበር ላይ አሳለፈች፤ እኔም ቃሌን ጠብቄ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠች ልጅ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁ። በአራተኛው አሠልጣኟ አስገባቻት። ቀና ብላ ፈለገችኝ፤ ስታገኘኝ ሳቀች።

ይኼኔ በሩ ተከፈተና ጋሽ ወንድይራድ ገቡ።

ጋሽ ወንድይራድ የእድራችን ሊቀ መንበር ናቸው። ከዚያም በላይ፣ እዚህ አገር የመጣሁ ጊዜ ስድስት ወር ሙሉ ዊተን ያለው ቤታቸው ያስጠለሉኝ ሰው ናቸው። ቀጥሎ ያለውን ጨዋታ የሚጫወት የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ መምጣታቸው ነው። ደረጃውን ቀስ እያሉ ወጥተው ከኋላዬ፣ ከካሜራው አጠገብ ሲደርሱ ምን ላድርግ? እግሬን አንፈራጥጬ ልጠብቃቸው? ብድግ ብዬ፣ ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ፣ ጎንበስ አልኩ። እሳቸው «ኧረ ተቀመጥ!» ይላሉ፤ እኔ «እርስዎ ሳይቀመጡ?» እላለሁ። እሳቸው «በሞቴ!» ይላሉ፤ እኔ «ኧረ እኔ ልሙት!» እላለሁ። ሁለታችንም አልሞትንም፤ ሁለታችንም አልተቀመጥንም።

ቅርጫት ኳስ አራት ክፍለ ጊዜ አለው አሉ። የእኛ ሰላምታ ስንት እንዳለው ማን ቆጥሮ ያውቃል? ጤና አለ፣ ሥራ አለ፣ የባለቤቴ ነገር አለ፣ የእናቴ ጉልበት አለ፣ የወንድሜ ቪዛ አለ። ሁሉም በየተራው ካልተጠየቀ ቅሬታ ነው፤ መሐል ላይ ፊሽካ የሚነፋ ዳኛም የለም። የወንድሜ ቪዛ ላይ ስንደርስ የማዲሰን አባት ክንዴን ነካ አድርጎ እጁን ወደ ጎን ያወዛውዝልኝ ጀመር። ሰላም ሊለኝ መስሎኝ እጁን ጨበጥኩት! መጨበጥ ብቻ አይደለም፣ ከጋሽ ወንድይራድም ጋር አስተዋወቅሁት። ምስኪን፣ ምን ያድርግ? እሳቸውንም ጨበጠ።

ወዲያው ጂሙ በጩኸት ተናወጠ። ዞር ስል የቡድኑ ልጆች በሙሉ ቤዛ ላይ ተከምረዋል። አገባች ማለት ነው። ከክምሩ ሥር ወጥታ ወደ እኔ ስታይ፣ ሁለት እጄን ሰቅዬ ከወላጅ ሁሉ በላይ የምጮኸው እኔ ነበርኩ።

ጨዋታው እንዳለቀ እየሮጠች መጥታ «ዳድ፣ ዲድ ዩ ሲ ኢት?» አለችኝ። አላየሁም ማለት አንድ ቃል ነው። እኔ ግን «አየሁ እንጂ! እንዴት አድርገሽ ዘለልሽ!» አልኳት። ትንሽ ግራ ገባትና «አይ ጃምፕድ?» አለች፤ ዘለልኩ እንዴ ማለቷ ነው። «መዝለል ብቻ? በረርሽ እንጂ!» አልኩ። ፊቷ ሲበራ ሳይ ውሸቴን ራሴም ወደድኩት። ሰኞ ሆቴል ገብቼ ለአለቃዬ ነገርኩት፤ እሱም ሐዘኑን ትቶ አዳመጠኝ። በሳምንቱ ቤዛ የምትዘለው በሁለት ልጆች አናት ላይ ሆነ፤ በሁለተኛው ሳምንት በሦስት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። በሦስተኛው ሳምንት የቡድኑ መዝጊያ ግብዣ ሮክቪል አንድ ፒዛ ቤት ተደረገ። እናቷ ሥራ ስለነበረች የሄድነው ሁለታችን ብቻ ነን። የማዲሰን አባት የእያንዳንዷን ልጅ ምርጥ ጨዋታ መርጦ አምጥቶ ግድግዳው ላይ በትልቁ ያሳይ ጀመር። የቤዛ ተራ ሲደርስ ወንበሯን ወደ ፊት ሳበች፤ ስትበር ልታይ ነዋ። እኔ የእኔን ወደ ኋላ ሳብኩ።

ግድግዳውን የሞላው የእኔ ፊት ነበር። ሠላሳ ሁለቱም ጥርሴ ይቆጠራል። ከክንዴ ሥር ሁለት ትንንሽ ጫማዎች ይታያሉ፤ ከመሬት ንቅንቅ አላሉም። ከቀኝ ጆሮዬ ኋላ ኳስ ብቅ ትልና ቅርጫቱ ውስጥ ትገባለች። ድምፁ ደግሞ ጥርት ብሎ ይሰማል። ጋሽ ወንድይራድ «ልጅቱስ እንዴት ናት?» ይላሉ። እኔ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት!» እላለሁ። ከዚያ ጩኸቱ ይከተላል።

ፒዛ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የማዲሰን አባት ሌላ ቀረጻ ስለሌለው ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እሱ እኔን! እዚያ ከነበርነው ሁሉ አማርኛውን የሰማነው ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አንዷ አልሳቀችም። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። በሰላምታው አይደለም ያፈርኩት፤ ጋሽ ወንድይራድ ዛሬም ቢመጡ እነሣለሁ። ያፈርኩት «በረርሽ» ባልኩት ነው። ልጄ ሦስት ሳምንት ሙሉ አምናኝ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ውጭ ውጭውን ታይ ነበር። ይቅርታ የምልበትን ቃል ስፈልግ ደረስን። መኪናውን አቆምኩና፣ ፈሪ ነኝና፣ ይቅርታውን ትቼ «ቤዛዬ፣ ደህና ነሽ?» አልኳት።

በአማርኛ መልሳልኝ የማታውቀው ልጅ ቀበቶዋን ፈታች፤ በሩን ከፈተች፤ ጀርባዋን እንደሰጠችኝም በጠራ አማርኛ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት» ብላኝ ወረደች።