«እሱ ነው የነካኝ»

በየቡድኑ ውስጥ፣ ሕግ ለተጋጣሚ ብቻ የወጣ የሚመስላት አንዲት ሴት አትጠፋም። የእኛዋ የተከበሩ እትዬ እሱነው ናቸው።

በልብስ ፋብሪካችን እሳቸው ሸሚዝ ይተኩሳሉ፣ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለታችንም የፋብሪካው ሴቶች እግር ኳስ ቡድን ተከላካዮች ነን። ቅጽል ስማቸው የመጣው ኳስ በእጃቸው በነኩ ቁጥር ለዳኛ ከሚሰጡት መልስ ነው፦

«እኔ አልነካሁትም፤ እሱ ነው የነካኝ!»

አንዴ ኳሱን በሁለት እጃቸው እንዳቀፉ ይህንኑ ብለዋል። የተጋጣሚ ማሊያ ጎትተው ሲቀድዱ ደግሞ «ስፌቱ ነው!» አሉ፤ ማሊያውን የሰፋነው እኛው ነን። ስንመራማ የጫማቸውን ክር እስኪያስሩ ሦስት ሸሚዝ ይተኮሳል።

«እትዬ፣ ትንሽ አያፍሩም?» እላቸዋለሁ።

«አንቺ አራስ፣ ዳኛው ያላየውን አንቺ ምን አሳየሽ?»

ባለፈው ቅዳሜ ግማሽ ፍጻሜ ነበር። ከወለድኩ ወዲህ የመጀመሪያ ውድድሬ ነው፤ ለፍጻሜው እናቴ ልጄን ይዛ ልትመጣ ተቀጣጥረናል። እኔም እሳቸውም አንድ አንድ ቢጫ ካርድ አለብን። ሁለተኛ ያየች ትወጣለች፣ ፍጻሜውም ያመልጣታል። አንድ ለዜሮ እየመራን ሊያልቅ ሲል ኳስ ተሻማ። ተደራርበን ዘለልን፤ እጄ ከጭንቅላቴ ቀድሞ ኳሱን መታው።

ዳኛው የመጋዘን ኃላፊያችን ነው። ፊሽካውን ነፋ። እጅ አይቷል፣ ባለቤቱን ግን አላየም።

«የማን እጅ ነው?»

ያን ሁሉ የሰበክሁት እኔ፣ ምላሴ ላይ የመጣልኝ «እሱ ነው የነካኝ» ብቻ ነው። እሱንም ዋጥኩት።

እትዬ እጃቸውን አወጡ። «እኔ ነኝ። ነካሁት።»

በዕድሜያቸው አንዴ አመኑ፤ እሱም ውሸት ሆነ። ቀይ አይተው ወጡ። ቅጣት ምቱ ከአግዳሚው በላይ ሄደ፣ አለፍን።

ልብስ መቀየሪያው ውስጥ «ለምን?» ብላቸው፣ ካልሲያቸውን እያወለቁ፣ «ቀዩን እኔ አልጠራሁትም፤ እሱ ነው የጠራኝ» አሉ።

ሰኞ አላስችል ብሎኝ መጋዘን ሄድኩና ለዳኛው እውነቱን ነገርኩት።

«ገብቶኛል» አለኝ፣ ከካርቶኖቹ ቀና ሳይል። «እሷ ‹ነካሁት› ስትል ነው ያወቅኩት። ግን ስንት ዓመት ስትክደኝ ኖራ አንድ ቀን ብታምንልኝ፣ ዋሽተሻል ልበላት?»

በፍጻሜው ቀን እትዬ ከመስመር ውጭ ከእናቴ ጎን ልጄን ታቅፈው ይቀመጣሉ። ለኳስ የማይታመነውን እጅ፣ እኔ ለልጄ አምኜዋለሁ።