ጋሼ ምናልባትና አራተኛዋ ጀልባ

ሥራ አለቀ ሲባል የማያምን አንድ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። በዚያ የጀልባ መሥሪያ ግቢ ይህን ሰው ፍለጋ መድከም አያስፈልግም ነበር። ክቡር ጋሼ ምናልባት ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ይገኛሉ፤ የተከፈተው በር በእርግጥ መከፈቱን እያጣሩ።

ግቢው የኖረው አራት ዓመት ነው፤ የሠራውም አራት ጀልባ። የመጀመሪያዋ አሸዋ ጫኝ ወደ ግራ ስለምታዘነብል አሸዋው ወደ ቀኝ ይቆለልላታል። ቀጥለው የመጡት ሁለቱ የዓሣ ጀልባዎች መንታ ተብለው ቢታዘዙም አንደኛዋ በስንዝር ታጥራለች። ምክንያቱን መስማት ደስ ይላል፦ የአንደኛው ቡድን ሜትር ጫፉ ተቆርጦ ከሃያ ይጀምር ነበር። ጋሼ ያኔም «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ግን አንዷ አላጠረችም?» ብለው ነበር። ማን ሰምቷቸው።

አራተኛዋ ስልሳ ሰው የምታሻግር ነበረች። ገዢው «አርብ ከሰዓት ውሃ ላይ ካላገኘኋት ውሉን እሰርዛለሁ» ብሏል። ውሉ ከተሰረዘ ግቢው ይዘጋል። ወለሏን በሙሉ የበየደችው ልጅ ሦስት ቀን እህል አልወርድላት ብሏል።

የብየዳ ፍተሻው ቀላልና ድንቅ ነው። ብረቶቹ የተበየዱበት ስፌት ከውጭ ኖራ ይቀባል፣ ከውስጥ ላምባ። ላምባ ውሃ በማያልፍበት ሁሉ ያልፋል፤ የፀጉር ያህል ቀዳዳ ካለ ነጩ ኖራ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ይወጣል። ሌላው ሥራ መጠበቅ ነው።

አርብ ጠዋት ላምባው ከተቀባ አንድ ሰዓት አለፈ። ኖራው ነጭ ነው።

«አለቀ፤ ትውረድ» አለ አለቃው።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ግን ላምባ አይቸኩልም» አሉ ጋሼ፣ ከጀልባዋ ሥር ተንበርክከው።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ሲያገቡም ‹ምናልባት› ነው ያሉት ይባላል።»

«አርባ ዓመት ሆነን። እስካሁን ደህና ይመስላል።»

«ጋሼ፣ በሞቴ ይነሱ» አለች በያጇ።

«አንድ ደቂቃ፣ ልጄ።»

ደቂቃዋ ሃያ ሆነች። በያጇ ከጀልባዋ የኋላ ጥግ ላይ ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ ያየችው ያኔ ነው። ብየዳው የራሷ ነው። ጋሼ በወዲያኛው ጎን ናቸው፤ በእጅጌዋ ጠረግ ብታደርጋት ማንም አያውቅም። እጇ ተነሳ። ስልሳ ሰው ትዝ አላት።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይምጡ።»

አለቃው ራሱን ያዘ።

ገዢው ሲመጣ ጀልባዋን ያገኛት የብስ ላይ ነው፤ ጥጓ ተፈልፍሎ፣ እንደገና ተበይዶ፣ ኖራው ከአንድ ሰዓት በላይ ነጭ ሆኖ ቆይቶ።

«የተበሳ ጀልባ ልትሸጡልኝ ነው? ይሄ ጥግ ያስተማምናል?»

ሰው ሁሉ ወደ ጋሼ ዞረ። አለቃው ዓይኑን ጨፈነ።

«አይፈስም» አሉ ጋሼ። «ቀዳዳውን ያሳየችን ራሷ የበየደችው ናት። እሷ ደግማ በይዳዋለች።»

ገዢው ኖራውን አየ፣ ልጅቷን አየ። «እሺ፣ አውርዷት» አለ።

በያጇ ሰው ሲጠራጠራት መከራከር ታውቅበታለች፤ ሲያምናት ግን መግቢያ አጣች። ጀልባዋ ስትወርድ ከጀልባዋ ሆድ ውስጥ ገብታ፣ መዳፏን ስፌቱ ላይ ለጥፋ ጠበቀች። ውሃው ብረቱን ከውጭ ሲመታው ይሰማታል። ከላይ በመውረጃው በኩል የጋሼ ራስ ብቅ አለ።

«ደረቅ ነው» አለቻቸው፣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ።

ጋሼ አጎንብሰው መዳፏን ዳበሱ። ገልብጠው ጀርባውንም ዳበሱ። ከዚያ ተነፈሱ።